ማክሰኞ የፍሮንት ኢንድ ኢንተርቪው አለኝ፤ ባለፈው አፌ ተሳስሮ ነው የወደቅኩት

የአዳማዋ
ሐሙስ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

የምኖረው አዳማ ነው። በ2014 ዓ.ም. በሲቪል ምህንድስና ተመረቅኩ። ስምንት ወር በሙያዬ ሥራ ፈልጌ ሳጣ ፊቴን ወደ ኮድ፣ ወደ ፍሮንት ኢንድ (ተጠቃሚው የሚያየውን የድረ ገጽ ክፍል መሥራት) አዞርኩ። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስን በስልኬ ከዩቲዩብ ነው የጀመርኩት። ከዚያ ታላቅ ወንድሜ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛልኝ። ጃቫስክሪፕት ተማርኩ፤ ቀጥዬ ሪአክት የሚባለውን የጃቫስክሪፕት የገጽ መሥሪያ። ለአጎቴ የግንባታ ዕቃ መደብር ድረ ገጽ ሠርቻለሁ። ለእናቴ ደግሞ የእቁብ መተግበሪያ ሠራሁላት። እናቴ የሰፈራችን እቁብ ጸሐፊ ናት። ድሮ በደብተር ነበር የምትይዘው።

ባለፈው ወር ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠራኝ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ሄድኩ። ስለ ራስሽ ንገሪን አሉኝ፤ እሱን እንደምንም ተወጣሁት። ከዚያ ላፕቶፕ ሰጡኝ። "የሠራተኞች ስም ዝርዝር አለ። ከላይ መፈለጊያ ሳጥን አድርጊበት። ሰው ሲጽፍ ዝርዝሩ እየጠበበ ይሂድ" አሉኝ። ይህን ቤቴ ቁጭ ብዬ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ሦስት ሰው ከጀርባዬ ቆሞ ሲያየኝ ግን እጄም አፌም ተሳሰረ። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ነው የምጽፈው። ቀይ ስህተት ሲመጣብኝ ዝም ብዬ አፈጠጥኩበት። አንደኛው "ምን እያሰብሽ ነው?" ሲለኝ "ምንም" አልኩት። እያሰብኩ ነበር እኮ! ግን ያሰብኩት ልክ ይሁን አይሁን ስላላወቅኩ ነው። በሳምንቱ ሌላ ሰው መርጠናል የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሁለት ቀን አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ በርሊን ያለ ትንሽ ድርጅት ሲቪዬን አይቶ የኢንተርቪው ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ለኦንላይን ሱቆች ገጽ የሚሠሩ ናቸው። ሥራው ከቤት ነው፤ ለጀማሪ ነው። ማክሰኞ 10:00 ይላል ኢሜይሉ። በዙም አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ግማሹ ስክሪን ሼር አድርጎ ኮድ መጻፍ ነው።

አራት ቀን ነው ያለኝ። ምን ላይ ላተኩር? ምን ይጠይቁኛል? በዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንብቤ እረዳለሁ፤ ሳወራ ግን ቃላት ይጠፉብኛል። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

እህቴ፣ እኔ ከጀርባ ከሚቆሙት ሰዎች አንዱ ነኝ። አንቺ የሄድሽበት ድርጅት አይደለም የምሠራው፤ ግን እኛም ይህንኑ ጥያቄ እንጠይቃለን። ስድስት ዓመት ፍሮንት ኢንድ ሠርቻለሁ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ሰው ስንቀጥር ጠያቂ ሆኜ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ከጠረጴዛው ማዶ ምን እንደሚታይ ልንገርሽ።

የጎዳሽ ኮድሽ አይደለም። "ምንም" ያልሽው ነው። እኛ ወረቀት ይዘን ነው የምንቀመጠው። ወረቀቱ ላይ ሠራች አልሠራች የሚል አንድ መስመር ብቻ አይደለም ያለው። ጥያቄውን እንዴት ተረዳችው? ከየት ጀመረች? ስህተት ሲመጣ ምን አደረገች? ፍንጭ ሲሰጣት ተጠቀመችበት? ዝም ካልሽ ይህ ሁሉ ባዶ ይቀራል። ወደድንሽም አልወደድንሽም የምንጽፈው ነገር የለንም።

አስተዳደጋችን ነው። ክፍል ውስጥ እጅ የምናወጣው መልሱን እርግጠኛ ስንሆን ብቻ ነበር። ትልቅ ሰው ፊት ያልበሰለ ነገር አይወራም ተብለን ነው ያደግነው። ኢንተርቪው ላይ ግን የሚፈለገው ያው ያልበሰለው ሐሳብሽ ነው። ሲበስል ማየት ነው የሚፈልጉት።

ያንን መፈለጊያ ሳጥን እኔ ብሆን እያወራሁ እንዴት እንደምሠራው ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ኪቦርዱን አልነካም። "ሁለት ነገር ልጠይቅ" እላለሁ። "ስንት ስም ነው ያለው? ሃምሳ ነው ሃምሳ ሺህ? ዝርዝሩ ገጹ ላይ አለ ወይስ ከሰርቨር ነው የሚመጣው?" ሃምሳ ስም ከሆነ እዚያው ማጣራት ይበቃል። ሃምሳ ሺህ ከሆነ ፍለጋው ሰርቨሩ ላይ ቢሆን ይሻላል። ይህን የጠየቀ ሰው አንድ መስመር ሳይጽፍ ነጥብ ይዟል።

ከዚያ፦ "ቀላሉን ላስቀድም። ሰው የጻፈውን ስቴት (ሪአክት የሚያስታውሰው ተለዋዋጭ መረጃ) ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ዝርዝሩን በእሱ አጣራለሁ። የተጣራውን ዝርዝር ግን ሌላ ስቴት ውስጥ አላስቀምጠውም፤ ካሉኝ ሁለት ነገሮች የሚሰላ ስለሆነ።" ይህችን ዓረፍተ ነገር ከጀማሪ አፍ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ከዚያ፦ "ለእያንዳንዱ ረድፍ ኪይ (ሪአክት ረድፉን የሚለይበት ምልክት) የማደርገው የሰውየውን መለያ ቁጥር ነው። የተራ ቁጥሩን ካደረግኩ ዝርዝሩ ሲጠብ ተራው ስለሚቀያየር ሪአክት አንዱን ረድፍ ከሌላው ያምታታል።"

መረጃው ከሰርቨር የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ይጥማል። "በእያንዳንዱ ፊደል ጥያቄ አልልክም። ሰውየው መጻፉን ካቆመ 300 ሚሊሰከንድ ያህል ጠብቄ እልካለሁ።" ዲባውንስ የሚሉት ይህ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ድረስ ይመጣል። ከዚህ በኋላ ያለውን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። "አዳ" ብለሽ ትንሽ ቆም አልሽ፤ ጥያቄው ሄደ። "አዳማ" ብለሽ ጨረስሽ፤ ሁለተኛው ሄደ። ኔትወርኩ ተንገራገጨና የሁለተኛው መልስ ቀድሞ መጣ። የመጀመሪያው ዘግይቶ ሲደርስ እላዩ ላይ ተጻፈበት። አሁን ሳጥኑ "አዳማ" ይላል፤ ዝርዝሩ ግን የ"አዳ" ነው። መፍትሔው አዲስ ጥያቄ ሲላክ የቀድሞውን በአቦርት ኮንትሮለር (የተላከን ጥያቄ ማቋረጫ) መሰረዝ ነው። ኮዱ ቢጠፋብሽ እንኳ ችግሩን ተናገሪ። እኛ በሚቆራረጥ ኔትወርክ የሠራን ሰዎች ይህን ችግር በደንብ እናውቀዋለን፤ ፈጣን መስመር ላይ ያደገ ሰው ላያስበው ይችላል።

መጨረሻ ላይ፦ "ምንም ካልተገኘ ምን ይታያል? እየመጣ እያለስ? መስመር ቢቋረጥስ?" ሳጥኑ ላይ ደግሞ እውነተኛ ሌብል (የሳጥኑን ስም የሚናገር ጽሑፍ) አድርጊበት። ውስጡ ያለው ደብዛዛ ጽሑፍ መጻፍ ስትጀምሪ ይጠፋል። ሌብል ካለው ማየት የተሳነው ሰው ስክሪን ሪደሩ ሳጥኑ ምን እንደሆነ ያነብለታል።

ቀይ ስህተት ሲመጣ ጮክ ብለሽ አንብቢው። "ማፕ (ዝርዝሩን አንድ በአንድ የሚያልፍ ትእዛዝ) የተጠራው ምንም በሌለው ነገር ላይ ነው ይላል፤ ስለዚህ ዳታው ገና አልደረሰም ማለት ነው፤ መነሻ ዋጋውን ባዶ ዝርዝር ላድርገው።" በቃ። እኛ የምንፈልገው ሰው ይህ ነው። ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ የምንውለው ከቀይ ጽሑፍ ጋር ነው።

የቃል ጥያቄዎችን በተመለከተ ከእኔ አፍ የማይጠፉ ሦስት አሉ። አንደኛው የቫርና የሌት ነው፤ ሁለቱም ተለዋዋጭ መፍጠሪያ ቃላት ናቸው። ሦስት ጊዜ የሚዞር ሉፕ አለ፤ ቆጣሪው ከ0 ይጀምራል፤ ውስጡ ሴትታይምአውት (ሥራን አዘግይቶ የሚያስኬድ ትእዛዝ) ቆጣሪውን ያትማል። በቫር ከሆነ 3፣ 3፣ 3 ይወጣል። በሌት ከሆነ 0፣ 1፣ 2። ለምን? በቫር አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው ያለው፤ ማተሚያዎቹ ሲነቁ ሉፑ አልቆ ቆጣሪው 3 ላይ ቆሟል። በሌት እያንዳንዱ ዙር የራሱን ቆጣሪ ይይዛል። መልሱን ብቻ አትሸምድጂ፤ ሉፑ መጀመሪያ እንደሚያልቅ ማስረዳት አለብሽ።

ሁለተኛው፦ ስፋቱ 300 ፒክስል የሆነ ሳጥን በየጎኑ 20 ፓዲንግ (የውስጥ ክፍተት) እና 5 ቦርደር (ጠርዝ) ቢኖረው ስክሪኑ ላይ ስንት ይይዛል? 350። ቦክስ ሳይዚንጉን (ስፋቱ የሚለካበትን ደንብ) ቦርደር ቦክስ ካደረግሽው 300 ላይ ይቆማል። ሦስተኛው፦ ለምንድን ነው ዲቭ (ተራ ሳጥን) ላይ ክሊክ ከማድረግ በተን (ቁልፍ) የምንጠቀመው? በተን በታብ ይደረሳል፤ በኢንተርና በስፔስ ይሠራል፤ ስክሪን ሪደርም ያውቀዋል። ለዲቭ ይህን ሁሉ በእጅሽ መጨመር አለብሽ።

ከዛሬ ጀምሮ በቀን አንድ ትንሽ ነገር እያወራሽ ሥሪ። ስልክሽን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጊና አጠገብሽ አስቀምጪው። ማታ መልሰሽ ስሚው። በእንግሊዝኛ አድርጊው፤ ሰባራም ይሁን። የሚጠፉብሽ ቃላት የትኞቹ እንደሆኑ ታውቂያለሽ፤ ብዙ አይደሉም።

ጣና ዳር
ዓርብ ጠዋት

ሃያ ሁለት ከላይ ያለው ስለ ኮዱ ጨርሶታል። እኔ ስለ ሰዓቱ ልናገር፤ እኔን የጎዳኝ እሱ ስለሆነ።

ከባሕር ዳር ሆኜ ለውጭ ድርጅት ነው የምሠራው። የመጀመሪያ ኢንተርቪዬ ከሰዓት በኋላ 3:00 ነበር። እኔ በልማድ በእኛው አቆጣጠር 3 ሰዓት ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ጠዋት ተዘጋጅቼ ጠበቅኩ፤ ሰው የለም። ተሳስተዋል ብዬ ወጣሁ። እነሱ በቀጠሮው ሲጠብቁኝ እኔ ገበያ ነበርኩ። ሁለተኛ ዕድል አልሰጡኝም።

ያንቺ 10:00 የበርሊን ሰዓት ከሆነ፣ አሁን የካቲት ላይ በሁለት ሰዓት እንቀድማቸዋለን። በአዲስ አበባ እኩለ ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ቀን 6 ሰዓት። በፈረንጆቹ ማርች የመጨረሻ እሁድ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ዙር እንዳትረሺው። ግን በግምት አትሂጂ። ዛሬውኑ "10:00 በበርሊን ሰዓት፣ 12:00 በአዲስ አበባ፤ ልክ ነኝ?" ብለሽ ጻፊላቸው። አንድ መስመር ነው።

መብራት ከሄደስ? ላፕቶፕሽን ሞልተሽ ጀምሪ። የቤት ዋይፋይ ቢኖርሽም ስልክሽ ላይ ዳታ ሞልተሽ ሆትስፖቱን አስቀድመሽ ሞክሪው፤ ላፕቶፑ የይለፍ ቃሉን ያስታውሰው። ሁለት ሲም ካለሽ፣ አንዱ ኢትዮ ቴሌኮም አንዱ ሳፋሪኮም ይሁን። ሲጀመርም "መስመሬ ከተቋረጠ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በስልክ ተመልሼ እገባለሁ" ብለሽ ንገሪያቸው። አስቀድመሽ ከተናገርሽ ማንም አይደነግጥም። ኔት ከደከመ ስክሪን ሼሩ እንዲቀጥል ካሜራሽን ለማጥፋት ፈቃድ ጠይቂ።

ሌላ አንድ ነገር። ቻትጂፒቲን በሌላ መስኮት ከፍተሽ እያየሽ አትመልሺ። ዓይን ወደ ጎን ሲሄድ ያስታውቃል። በኤአይ መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነ ግልጹን ጠይቂያቸው። ይቻላል ካሉሽ በይፋ ተጠቀሚ፤ የሰጠሽንም እያነበብሽ አስረጂ።

የአዳማዋ
ዓርብ ማታ

ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ስለ ሰዓቱ ጻፍኩላቸው፤ እውነትም እኩለ ቀን ነው። እኔ 10:00 የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ድምፄን ቀድቼ ሰማሁት። ለአርባ ሰከንድ ዝም ያልኩበት ቦታ አለ። ስሠራ ዝም ማለቴን ራሱ አላወቅኩም ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። "ያጋጠመሽን ከባድ ችግርና እንዴት እንደፈታሽው ንገሪን" ይላሉ አሉ። እኔ ትልቅ ድርጅት ሠርቼ አላውቅም። ያለኝ የእናቴ እቁብ ብቻ ነው። ለጀርመን ሰው ስለ እቁብ ማውራት ይከብደኛል፤ እንደ ልጅ ሥራ ያዩብኛል ብዬ። ከአጎቴ ድረ ገጽ ብጀምር ይሻላል? እዚያ "ቆንጆ ገጽ ሠራን" ከማለት ሌላ የምለው የለኝም እንጂ።

ቨርጂኒያ
ቅዳሜ ጠዋት

የኔ ልጅ፣ እቁቡን ተይው ሊልሽ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው ከእንቅልፌ ተነስቼ የምጽፈው።

እኔ 47 ዓመቴ ነው። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። አሥራ አንድ ዓመት ታክሲ ከነዳሁ በኋላ ነው ወደዚህ ሙያ የገባሁት። አሁን ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገጽ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ኢንተርቪዎች ወደቅኩ። በአምስቱም ስለ ታክሲው አንድም ቃል አላነሳሁም፤ አፍሬበት። በስድስተኛው ጠያቂዋ ሲቪዬን አይታ "እነዚህ አሥራ አንድ ዓመታት ምን ስትሠራ ነበር?" አለችኝ። ነገርኳት። ተሳፋሪ የሚያስይዝበት መተግበሪያ ዝናብ ላይ ጓንት ባደረገ እጅ ሲነካ እንዴት እንደሚያስቸግር፣ ቁልፎቹ እንዴት እንደሚያንሱ፣ ፀሐይ ላይ ጽሑፉ እንዴት እንደማይነበብ አስረዳኋት። ሥራውን ያገኘሁት በእሱ ነው።

የእናትሽን እቁብ ንገሪኝ እስቲ። ማን ነው የሚጠቀምበት? ምን ተበላሸ? ማን ተቆጣ? ገንዘብ ያለበት ነገር ውስጥ ያልተበላሸ ነገር የለም።

የአዳማዋ
ቅዳሜ ቀን

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ ይኸው።

እቁቡ 24 አባላት አሉት፤ በየወሩ 3,000 ብር ይጥላሉ። መተግበሪያው ወሩ ሲገባ ለሁሉም ማስታወሻ ይልካል። መጀመሪያ ስሠራው ወሮቹን ከመስከረም እስከ ጳጉሜ አሥራ ሦስቱንም በዝርዝር አስቀምጬ ነበር፤ ዓመቱን ለማሳየት ልክ ነውና። ማስታወሻውም በዚያው ዝርዝር ነው የሚሄደው። ጳጉሜ 1 ቀን ጠዋት ለ24ቱም ሰዎች "የጳጉሜ ክፍያዎ 3,000 ብር ነው" የሚል መልእክት ሄደ። ስድስት ሰዎች ከፈሉ! ሌሎቹ እናቴ ቤት መጡ። "አምስት ቀን ወር ሆነና ነው የምንከፍለው?" ብለው። እናቴ ያን ቀን ቡና እያፈላች አሥራ ስምንት ሰው ስታስረዳ ዋለች።

ያን ዕለት ማታ ነው የገባኝ። ወር ማለት ለቀን መቁጠሪያው አንድ ነገር ነው፤ ለእቁቡ ሌላ ነገር ነው። የእቁቡን ዙር ከወር ስም ለየሁት። ዙር የራሱ ቁጥር አለው፤ የሚከፈልበት ቀንም አለው፤ ጳጉሜ ዙር የለውም። የከፈሉት ስድስት ሰዎች ብር ለመስከረም እንዲቆጠር አደረግኩ። ከዚያ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ቀን ስለምትሆን፣ እንደ 2015 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ለእሱም መሞከሪያ ጻፍኩ።

ሌላው ስም ፍለጋው ነው። እናቴ "ኃይሉ" ብላ ስትጽፍ የተመዘገበው "ሀይሉ" ከሆነ አይመጣም። "ፀሐይ" እና "ጸሀይ"ም እንደዚያው። ስለዚህ ከማነጻጸሬ በፊት ሐን፣ ኀን ወደ ሀ፤ ሠን ወደ ሰ፤ ዐን ወደ አ፤ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ትንሽ ፈንክሽን ሠራሁ፤ ከነ እርባታቸው። ሃንም ከሀ ጋር አንድ አደረግኳት። የሚታየው ስም ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ነው የሚቆየው። ሰው በስሙ ፊደል አይደራደርም ብላኛለች እናቴ።

ቨርጂኒያ
ቅዳሜ ቀን

ይህን ይዘሽ ነው እንግዲህ "የለኝም" የምትዪው!

ስሚኝ። አሁን የጻፍሽውን እንዳለ ተናገሪው። ስድስቱ ሰዎች መክፈላቸውን እንዳትዘልዪው። ስህተቱ ያንቺ እንደነበር ተናገሪ። የፈለጉት ከዚያ በኋላ ያደረግሽውን ነው። እቁብ ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀድመሽ አስረጂ፦ ሰዎች በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፤ በዕጣ በየተራ አንድ ሰው ሁሉንም ይወስዳል። አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለን ስትነግሪያቸው ጆሯቸውን ይሰጡሻል።

አንድ ነገር ግን አስተካክዪ። ለአጎትሽ "ሠራን" ነው ያልሽው። ማን ነው "እኛ"? አንቺ ብቻሽን ነሽ እኮ የሠራሽው። እኛ ሰዎች "እኔ" ማለት ትዕቢት ይመስለናል። ጠያቂው ግን የአንቺ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት። አብሮሽ የሠራ ሰው ካለ የእሱን ለእሱ ስጪው፤ የአንቺን "እኔ ነኝ የሠራሁት" በይ።

ሃያ ሁለት ስለ ሌብልና በተን ያነሳው ለእነዚህ ሰዎች የበለጠ ይሠራል። እኛ ዘንድ ሴክሽን 508 የሚባል ሕግ አለ፤ የፌዴራል መንግሥት ገጾች አካል ጉዳተኞች ሊጠቀሙባቸው የሚችሉ መሆን አለባቸው። አውሮፓ ደግሞ የተደራሽነት ሕጋቸው ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል፤ ኦንላይን ሽያጭንም ይነካል። ለሱቆች ገጽ የሚሠራ ድርጅት ይህ ራስ ምታቱ ነው። የመደበኛ መጠን ጽሑፍና የጀርባ ቀለም ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን እንዳለበት፣ ገጹ ያለ ማውስ በኪቦርድ ብቻ መሥራት እንዳለበት ብትጠቅሺ በከንቱ አይቀርም። በነገራችን ላይ የራስሽን የእቁብ ገጽ ማውሱን ነቅለሽ ሞክሪው። ጠይቀው "አንቺስ አድርገሽዋል?" ቢሉሽ መልስ ይኑርሽ።

ደሞዝ ከጠየቁሽ ቀድመሽ ቁጥር አትጥሪ። "ለዚህ ቦታ የያዛችሁት ስንት ነው?" በይ። ቅጥር ነው ወይስ በኮንትራት፣ ግብሩን ማን ይከፍላል፣ በምን መንገድ ይላካል የሚለውን ግን ቃል ከመግባትሽ በፊት ጠይቂ።

አልጎ
ቅዳሜ ማታ

እኔ በዚህ አልስማማም። ታሪክ ጥሩ ነው፤ ግን አልጎሪዝም ካልመጣ እግዜር ይጠብቃት። እኔን ባይነሪ ትሪ (መረጃ በዛፍ ቅርንጫፍ መልክ የሚደረደርበት) ገልብጥ ብለውኛል፤ ለፍሮንት ኢንድ ሥራ። ቀሪውን ሁለት ቀን ችግር መፍታት ላይ ታውለው።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ
ቅዳሜ ማታ

ወንድሜ፣ ትላልቅ ድርጅቶች እንዲህ ይጠይቃሉ፤ እውነትህን ነው። ለትልቅ ድርጅት ብትሄድ ኖሮ ሦስት ወር አጥኚ እላት ነበር። በሁለት ቀን ግን ዛፍ መገልበጥ ሸምድዳ ብትገባ መሐል ላይ ትጠፋለች። የጠሯት ሰዎች ትንሽ ናቸው፤ ለሱቅ ገጽ ይሠራሉ። ዝርዝር፣ ፎርም፣ ማጣሪያ፣ ከሰርቨር ዳታ ማምጣት፤ ከዚህ ብዙም አይወጡም። ዝርዝር ማጣራት፣ መደርደር፣ በምድብ መክፈል እጇ ላይ ካለ ይበቃታል። ፕሮሚስ (በኋላ የሚደርስ ውጤት) እና ዜሮ ሚሊሰከንድ ሴትታይምአውት አብረው ቢመጡ የትኛው እንደሚቀድም ብቻ ጨምሪበት፤ ፕሮሚሱ ነው የሚቀድመው።

እህቴ፣ ሰኞ ማታ ምንም አታጥኚ። ተኚ።

የአዳማዋ
ማክሰኞ ማታ

ወጣሁ። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

ሁለት ነበሩ፤ አንድ ሴት፣ አንድ ወንድ። መጀመሪያ ላይ ስለ መስመሩ ነገርኳቸው፤ ሳቅ ብላ "እኛም ጋ ይቋረጣል" አለችኝ። መብራቱ አልጠፋም።

የሰጡኝ ሥራ የዕቃዎች ዝርዝር ከአንድ አድራሻ አምጥቶ ማሳየት፣ ከዚያ "ተጨማሪ አሳይ" የሚል ቁልፍ ማድረግ ነው። ከመጀመሬ በፊት ጠየቅኩ፤ ስንት ዕቃ ነው፣ በአንዴ ስንት ይምጣ አልኩ። ሰውየው ፊቱ በራ። እያወራሁ ሠራሁ። እንግሊዝኛዬ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አንድ ጊዜ "ፑል" ለማለት "ፑሽ" አልኩ፤ አስተካክዬ ቀጠልኩ።

መሐል ላይ ግን ዕቃዎቹ ሁለት ሁለት ጊዜ መጡ። የብራውዘሩን የኔትወርክ መስኮት ከፍቼ ሳይ ጥያቄው ሁለቴ ሄዷል። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። ድሮ ቢሆን ዝም ነበር የምለው። "ጥያቄው ሁለት ጊዜ ተልኳል፤ ምክንያቱን አላውቅም። የመጀመሪያ ግምቴ የዩዝኢፌክት (ገጹ ሲታይ የሚሮጥ ኮድ) ዲፔንደንሲ (ኮዱን ዳግም የሚያስነሱ ነገሮች ዝርዝር) ነው፤ ልየው" አልኩ። አየሁት፤ ባዶ ነው፤ እሱ አይደለም። "ሁለተኛ ግምቴ ኮምፖነንቱ (የገጹ ክፍል) ሁለት ቦታ ተጠርቷል" አልኩ። እሱም አይደለም። ያኔ ሴትዮዋ "ስትሪክት ሞድ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። ስትሪክት ሞድ ሲበራ ሪአክት ከ18ኛው ቨርዥን ጀምሮ በግንባታ ጊዜ ኢፌክቱን ሆን ብሎ ሁለቴ ያስኬደዋል፤ ማጽጃ (የቀድሞውን ሥራ የሚያቋርጥ ኮድ) የሌለው ኢፌክት እንዲጋለጥ ብሎ። "እንግዲያው ችግሩ ስትሪክት ሞዱ አይደለም፤ እኔ አዲሱን ዝርዝር በአሮጌው ላይ እየቀጠልኩ ማጽጃ ስላላደረግኩ ነው" አልኩ። "በትክክል" አለች። ጊዜው ስላለቀ ግን አላስተካከልኩትም።

ከዚያ ከባድ ችግር ንገሪን አሉኝ። የጳጉሜን ነገርኳቸው። አሥራ ሦስት ወር ስል ሰውየው ማስታወሻውን አስቀመጠ። ስድስቱ ሰዎች የከፈሉት ብር የት ገባ ብሎ ጠየቀኝ። ለመስከረም መቆጠሩን ስነግረው "ለሰዎቹ ማን ነገራቸው?" አለኝ። እናቴ አልኩት፤ በየቤቱ እየሄደች። እሱን ጻፈው።

ጋሼ፣ ማውሱን ነቅዬ ሞክሬው ነበር። የእቁቡ የዕጣ ቁልፍ ዲቭ ነበር፤ በታብ አይደረስበትም። እሁድ በተን አደረግኩት። ጠየቁኝ፤ እንደዚሁ ነገርኳቸው።

መልሱን ዓርብ እናሳውቅሻለን ብለዋል። አሁን ቁጭ ብዬ ያንን ሁለቴ የሚመጣውን በአቦርት ኮንትሮለር አስተካክዬዋለሁ፤ ሠራ። ሃያ ሁለት፣ ልላክላቸው ወይስ ይከብዳቸዋል?

ሃያ ሁለት ማዞሪያ
ማክሰኞ ማታ

ላኪው። ዛሬውኑ፣ ከመተኛትሽ በፊት። ስለ ጊዜያችሁ አመሰግናለሁ በይ፤ ምን እንደቀየርሽ በሦስት መስመር ጻፊ፤ የኮዱን ሊንክ ከታች አድርጊ። ሌላ ምንም አትጨምሪ። ዓርብ የሚሉሽን ደግሞ እዚሁ አሳውቂን፤ እንጠብቃለን።